ሸክላው ላይ ያለው ድምፅ

«እዚያ ላይ አቁሚ» አሉ ሚስ ሎሪን።

አብርሆት ከወረቀቱ ቀና አለች። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበረች። «የተሳሳትኩት ነገር አለ?»

«የመጨረሻውን መስመር ድገሚው።»

አብርሆት ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹በ1952 “እስከ እሑድ ጠብቀኝ” የተባለው ዘፈን በሸክላ ታትሞ ሲወጣ፣ ቀጭንና ጥርት ያለው የሚስ ሎሪን ድምፅ ከባልቲሞር እስከ ሪችመንድ በየጭፈራ ቤቱ ተሰማ።›»

ሚስ ሎሪን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም፤ ያም ሆኖ ማሰብ ሲፈልጉ ወደ መስኮቱ ነው የሚዞሩት። የአብርሆት እናት በየቅዳሜው የምትቀባቸው ቀይ ጥፍሮቻቸው የተሽከርካሪ ወንበራቸውን ክንድ ቀስ እያሉ መቱት።

«ቀጭን አልሽ። የኔ ድምፅ ቀጭን ነው?»

ጥያቄው ለአብርሆትም አዲስ አልነበረም። ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር፣ ከሃያ ሰው መሀል ማን ከዜማ እንደወጣ ወዲያው የምትለይ ልጅ ናት። ሚስ ሎሪን ፀጉራቸው ሲበጠር የሚያንጎራጉሩት ድምፅ ከደረታቸው የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው። አንድ የራዲዮ አዘጋጅ በላከላቸው የዘፈኑ ቅጂ ላይ ያለችው ዘፋኝ ግን እንደ ዋሽንት ነበረች።

«እኔ እንኳ... ዕድሜ ድምፅ ያወፍራል ብዬ ነው፣ ማም።»

የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ «አንቱ» የለውም፤ አብርሆት ግን ለእኚህ ሴት እናትዋ እንዳስተማረቻት «ማም» ሳትል ዐረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም።

«ዕድሜ ብዙ ነገር ያደርጋል» አሉ ሚስ ሎሪን። «አንዱን ሰው ሌላ ሰው ግን አያደርግም። ያቺ እኔ አይደለሁም፣ ቤቢ።»

የአብርሆት እናት እታለማሁ፣ በአንድ የእንክብካቤ ኤጀንሲ ተቀጥራ ሚስ ሎሪንን መንከባከብ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሚስ ሎሪን እስካሉበት አሌክሳንድሪያ ድረስ ትነዳለች። ሚስ ሎሪን «እታለማሁ» ማለት ስላቃታቸው «ኤታ» ይሏታል። በዚህ ብርድ ወራት፣ ቅጂውን የላከው የማኅበረሰብ ራዲዮ አዘጋጅ ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆኖ፣ በከተማዋ ከነበሩት የመጀመሪያዎቹ የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ዘፋኞች አንዷ የሆኑትን ሚስ ሎሪንን ሊያከብር አሰበ። የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ እናትየው «ልጄ ትጽፋለች» አለች። አብርሆትም ትምህርት ቤቷ ከተማሪው ሁሉ የሚጠይቀው የበጎ አድራጎት ሥራ ሰዓት ስለሚቆጠርላት ቅዳሜ ቅዳሜ አብራት መምጣት ጀመረች። ዝግጅቱ የሚመጣው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጽሑፉንም የምታነበው ራሷ አብርሆት ናት።

«እና ማን ናቸው?» አለች፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ።

«ቨርኒስ» አሉ ሚስ ሎሪን። ስሙን ከተናገሩት ብዙ ዘመን እንዳለፈ ከአፋቸው አወጣጥ ያስታውቅ ነበር።

ሎሪንና ቨርኒስ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ነው ያደጉት። የቨርኒስ አባት ፓስተር ነበሩ፤ ሁለቱም ልጆች በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ይዘምሩ ነበር። ሎሪን አባት አልነበራትም። ስለዚህ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ጭፈራ ቤት ወስዶ ሲያዘፍናት የሚከለክላት አልተገኘም። ሰውየው ኋላ ባሏ ሆነ። ባልቲሞር ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ካለው ሰው ጋር ያገናኛትም እሱ ነው። ሎሪን ውል ፈረመች። የመቀረጫው ቀን ሲደርስ ግን ጉንፋን ድምፅዋን ድራሹን አጠፋው።

«ቨርኒስ አብራኝ ስቱዲዮ የመጣችው ከኋላ ሆና ዜማውን ልትቀበለኝ ነበር» አሉ ሚስ ሎሪን። «ባንዱ ተሰብስቧል፣ እኔ እንደ ዝይ ነው የምጮኸው። ቨርኒስ ‹እኔ ልሞክረው፣ ስሜን ግን እንዳትጽፉ፤ አባቴ ይገድለኛል› አለች። ሁለት ጊዜ ዘፈነችው። አለቀ። በአውቶቡስ ስንመለስ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ማን ይወደዋል ብለን!»

ሸክላው የሎሪንን ስም ይዞ ወጣ፤ ተወደደም። ሎሪን ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረች በራሷ ወፍራም ድምፅ ዘፈነችው። ሰዉ «መድረክ ላይ ስትሆን ድምፅዋ ይቀየራል» እያለ አለፈው። ከዚያ የቨርኒስ አባት ሞቱ። አባቷ በተቀበሩ በወሩ ቨርኒስ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጣች።

«‹አሁን ስሜን ይጻፉልኝ› አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ ደግሞ አዲስ ውል ነበረኝ። ባሌ ‹ይህ ወሬ ከወጣ አለቀልን› ብሎኛል። ስለዚህ...» ቀይ ጥፍሮቹ መምታታቸውን አቆሙ። «‹ማን ያምንሻል?› አልኳትና አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።»

ወጥ ቤት ውስጥ የእናትዋ ድምፅ ይሰማል፤ ለሚስ ሎሪን ሾርባ እያሞቀች ለራሷ ታወራለች።

«ከዚያስ?» አለች አብርሆት።

«ከዚያማ ሁለተኛ ሸክላ አወጣሁ፣ በራሴ ድምፅ። ማንም አልገዛው። ባሌም ሌላ ዘፋኝ አገኘ። እኔ ሆስፒታል ገብቼ ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ አጠብኩ። አየሽ፣ ዘፋኝ የሆንኩት ሁለት ዓመት ነው። ውሸታም የሆንኩት ሰባ።» እጃቸውን ዘርግተው የአብርሆትን ክንድ ያዙ። «ይህን አትጽፊውም። ለማንም አትነግሪም። ቃልሽን ስጪኝ።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ማም።»

«‹ቀጭን› የምትለዋን ብቻ አጥፊያት።»

አብርሆት እስክሪብቶዋን አንስታ ቃሉን ሰረዘችው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ለሮዳስ ነገረቻት።

ልትነግራት አስባ አልነበረም። ሮዳስ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ሁለቱ አንድ ነገር ተደባብቀው አያውቁም። የሮዳስ አባት የአማርኛ ጉባኤ ያለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ናቸው። ቤታቸው መዝሙር እንጂ ዘፈን አይገባም። ሮዳስ ግን የምትወደው ያንኑ የማይገባውን ነው። መኝታ ክፍሏ ውስጥ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ትለማመዳለች። አብርሆት ደግሞ የሚስ ሎሪንን ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛ ሁለት ቀን አድራለች። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ ጀመረች፤ ጀምራ ጨረሰችው።

ሮዳስ ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «ስለ አባቷ ድገሚልኝ እስቲ።»

«ፓስተር ነበሩ። ለዚህ ነው ስሟን ያላስጻፈችው።»

«እና እሳቸው ከሞቱም በኋላ አልተጻፈም?»

«አልተጻፈም።»

ሮዳስ የቨርኒስን ስም ስልኳ ላይ ጻፈች። አብርሆት ግን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

ረቡዕ ዕለት ሮዳስ ካፌቴሪያው በር ላይ ጠበቀቻት፤ ምሳቸውን ይዘው ጠረጴዛ ጋ እንደደረሱ አላስቻላትም። «ገርል፣ ቁጭ በይ። አገኘኋቸው።»

«ማንን?»

«ቨርኒስን! በሕይወት አሉ። ዘጠና ዓመታቸው ነው። ሮክቪል ናቸው፣ እዚሁ! ባላቸው ሲሞቱ የወጣ የሐዘን መግለጫ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ፤ ሚስታቸው ቨርኒስ የአሌክሳንድሪያ ፓስተር ልጅ ናቸው ይላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም አለበት፤ እዚያ ደወልኩ፤ ሴክሬታሪዋ ቁጥራቸውን ሰጠችኝ። ቁጥሩን ቴክስት አድርጌልሻለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «እና... ኮል አደረግኩላቸው።»

አብርሆት ሹካዋን አስቀመጠች። «ምን ብለሽ?»

ሮዳስ ትሪዋን ማየት ጀመረች። «የሚስ ሎሪን የልጅ ልጅ ነኝ አልኳቸው። እሑድ ዝግጅት አለ፣ ሚስ ሎሪን እንዲመጡላቸው ይፈልጋሉ አልኩ።»

«ዋሸሽ።»

«ትንሽ።»

«ሮዳስ፣ ይህ ትንሽ ነው?! ሚስ ሎሪን እኮ ልጅ እንኳ የላቸውም!»

«እሺ፣ ዋሸሁ! ግን ስሚኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዘግተውብኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ‹ስንት ሰዓት ነው?› አሉኝ። አብሪ፣ ሊመጡ ነው! ሰባ ዓመት ሙሉ የራሳቸውን ድምፅ በሰው ስም ሰሙ። ፕሊስ፣ ለሚስ ሎሪን አትንገሪያቸው። ከነገርሻቸው ይቀራሉ። ዝም ካልሽ እዚያው ይገናኛሉ፣ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል።»

«ቃል ገብቼ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርሽኝ?»

አብርሆት ትሪዋን አንስታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ማታውን የሮዳስ መልእክት ተከታትሎ መጣ፤ አንዱንም አልመለሰችም። ሐሙስ በኮሪደሩ ተላለፉ። ዓርብ ሮዳስ እጇን ልታነሳ ስትል አብርሆት ስልኳ ላይ አቀረቀረች።

በእነዚህ ሁለት ቀናት አንድ ነገር ደጋግሞ መጣባት። ዝም ብትል፣ እሑድ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ማንም የእሷ እጅ እንዳለበት አያውቅም። ቨርኒስ በበሩ ይገባሉ፤ ምናልባት ይተቃቀፋሉ፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ያምራል። ግን ሚስ ሎሪን እንደማያዩ ታስታውሳለች። በሰው በተሞላ አዳራሽ መሀል፣ ማን ፊታቸው እንደቆመ ሳያውቁ፣ ያንን ስም በድንገት ይሰማሉ። ይህ ሲታሰባት ማማሩ ይጠፋል።

መናገርም ቀላል አልነበረም። ሚስ ሎሪን ከተቆጡ ለኤጀንሲው መደወል ነው። የኤጀንሲው ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የደንበኛን ነገር ውጭ ያወራ ሠራተኛ በማግሥቱ ሥራ የለውም። እናትዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትላት ነገር አለ። «የሰው ቤት ያየሽውን እዚያው ጥለሽ ነው የምትወጪው።»

ቅዳሜ ጠዋት ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ ናቸው። የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገረው ድልድይ ጋ ሲደርሱ አብርሆት ራዲዮኑን ዘጋችው።

«ማሚ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

አብዛኛውን ጊዜ እናትዋ በአማርኛ ትጠይቃታለች፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ዛሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ነገረቻት፤ ቃል ሲያጥራት ቆም እያለች። እናትዋ አላቋረጠቻትም።

«ኤጀንሲው ቢሰማ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አላወቅሽም። ብታውቂ አፍሽን ትይዢ ነበር።» ከዚያ ሁለት የአውራ ጎዳና መውጫ አለፉ። መልሳ ስትናገር ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ያ ደግሞ ባሰ። «ስድስት ዓመት ገላቸውን ሳጥብ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህች ሴት አልነገሩኝም። አምነው ለአንቺ ነገሩሽ።»

አብርሆት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

«በይ አሁን ልቅሶውን ተዪው» አለች እናትዋ፣ የአሌክሳንድሪያውን መውጫ እየያዘች። «እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ?»

«እኔ። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ሚስ ሎሪን ቁርሳቸውን ጨርሰው መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። አብርሆት ከፊታቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ከሰኞው ምሳ ጀምራ ነገረቻቸው። ሮዳስ ያለችውን ሳትቀንስ፣ ለራሷም ሳታዳላ።

«ለማን ለማን ነገርሽ?» አሉ ሚስ ሎሪን።

«ለሮዳስ። ዛሬ ደግሞ ለእናቴ።»

«ኤታ፣ አንቺም ታውቂያለሽ?»

እናትዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አሁን መኪና ውስጥ ነው የሰማሁት። አጥፍታለች፣ ሚስ ሎሪን። ለኤጀንሲው መደወል ከፈለጉ ቁጥሩን እኔው አወጣልዎታለሁ።»

«ውጡልኝ» አሉ ሚስ ሎሪን። «ሁለታችሁም።»

ወጥ ቤት ገብተው ቁጭ አሉ። እናትዋ ንጹሕ ስኒ አንስታ አጠበች። አስቀምጣ ደግማ አነሳችው። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ከክፍሉ ጥሪ መጣ። «ኤታ! ልጅቷን ላኪልኝ።»

አብርሆት ገብታ ቆመች።

«ጓደኛሽ የቨርኒስን ድምፅ ስትሰማው እንዴት ነበር አለችሽ?»

አብርሆት ሁሉንም ነገር ጠብቃ ነበር፤ ይህንን ግን አልጠበቀችም። «አልጠየቅኋትም፣ ማም። ዝም ብለው ቆይተው ‹ስንት ሰዓት ነው?› አሉ ነው ያለችኝ።»

«ስንት ሰዓት!» አሉ ሚስ ሎሪን። «ያቺ ሴት በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደርሳ አታውቅም።» አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። «ቁጥሩ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ደውዪ። መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ። ያበላሻችሁትን አስተካክዪ፤ ከዚያ ለእኔ።»

አብርሆት ሮዳስ የላከችላትን ቁጥር ደወለች። ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን በመሀላቸው ያዘችው። አራት ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ?»

ድምፁ ያረጀ ነው፤ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ግን ቀጭን ነው፤ ጥርት ያለ። አብርሆት ሸክላው ላይ ያለችውን ሴት እያናገረች ነው።

«ማም፣ አብርሆት እባላለሁ። እናቴ ሚስ ሎሪንን ነው የምትንከባከበው። ረቡዕ የደወለችልዎት ልጅ የሚስ ሎሪን የልጅ ልጅ አይደለችም። የኔ ጓደኛ ናት። ሚስ ሎሪን እንድትጋብዝዎት አልላኳትም፤ አያውቁም ነበር። ሚስጥራቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በጣም ይቅርታ።»

«አውቄ ነበር» አሉ ቨርኒስ።

«አውቀው ነበር?»

«ሎሪን ሰው ጋብዛ አታውቅም። ደስ ሲላት ዝም ብላ ትመጣለች እንጂ።»

«ታዲያ... እመጣለሁ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ዘጠና ዓመቴ ነው፣ ልጄ። በስሕተት የመጣ ግብዣም ግብዣ ነው።»

ሚስ ሎሪን በአየሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። አብርሆት ስልኩን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ሚስ ሎሪን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ቨርኒስ። እኔ ነኝ።»

እናትዋ አብርሆትን በክንዷ ይዛ አወጣቻትና በሩን ዘጋች። አብርሆት ጆሮዋን ወደ በሩ ልታስጠጋ ስትል እናትዋ ዓይኗን አፈጠጠችባት። አርባ ደቂቃ ያህል ወጥ ቤት ተቀመጡ። ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ ሚስ ሎሪን ሲጮሁ ሰሙ። አንድ ጊዜ ደግሞ በጣም ረጅም ዝምታ ሆነ፤ እናትዋ ተነስታ በሩ ጋ ደረሰችና የሚስ ሎሪንን ወፍራም ሳል ስትሰማ ተመለሰች።

ሲጠሯቸው የሚስ ሎሪን ዓይን ቀልቶ ነበር።

«ይቅርታ አላደረገችልኝም» አሉ። «ግማሹን ብቻ ነው ያለችኝ። ቀሪውን አስብበታለሁ አለች። እሑድ ግን ትመጣለች፤ ኮፍያ ልትገዛ ነው።» ወደ አብርሆት ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ቃልሽን በልተሻል። ገና ተቆጥቼ አልጨረስኩም።»

«አውቃለሁ፣ ማም።»

«ኤጀንሲው ምንም አይሰማም። ሌላ ሴት ጥፍሬን በደንብ አትቀባልኝም።» እናትዋ ከኋላ ትንፋሿን ለቀቀች። «አሁን ያንን መስመር ምን ልታደርጊው ነው?»

አብርሆት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ሌሊቱን ሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ጽፋ ነበር፤ አንዱ እውነቱን የሚናገር፣ ሌላው የማይናገር። ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«እኔ እስከ 1952 ድረስ ያለውን አነባለሁ» አለች። «ከዚያ ማይኩን ለእርስዎ እሰጣለሁ። ያንን የምናገረው እኔ መሆን የለብኝም።»

ሚስ ሎሪን ለጥቂት ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉ።

«ማይኩን እኔ እይዝልዎታለሁ።»

እሑድ፣ አብርሆትና እናትዋ ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የመጡት። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ አርባ ወንበር ነበረው፤ ሁሉም ሞላ። ቨርኒስ ሰባት ደቂቃ ዘግይተው ገቡ፤ አረንጓዴ ኮፍያ አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው። አብርሆት ጎንበስ ብላ በሚስ ሎሪን ጆሮ «መጥተዋል» አለች። ሚስ ሎሪን «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አብርሆት አነበበች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አብረው ስለሚዘምሩት ሁለት ልጆች። 1952 ላይ ስትደርስ ቆመችና ማይኩን ሚስ ሎሪን አፍ ጋ ያዘችው።

«ዛሬ የምታጨበጭቡለት ድምፅ የኔ አይደለም» አሉ ሚስ ሎሪን። ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ የቆመው የራዲዮው ሰውዬ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ያን ቀን ድምፄ ጠፍቶ ነበር። የዘፈነችው ቨርኒስ ናት። ስሟን እንዲጽፉላት ስትለምነኝ፣ ማን ያምንሻል አልኳት። ይኸው ሰባ ዓመት የእሷ ስም ላይ ተቀምጬበታለሁ። አሁን እዚህ አለች። የት እንደተቀመጠች አላይም፤ እናንተ እዩልኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ማጨብጨብ እንዳለበት ማንም አላወቀም። ከሦስተኛው ረድፍ ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ሎሪን፣ ንግግር አበዛሽ። ይልቅ ሸክላውን አስከፍቺልን፤ ጉልበቴ አይጠብቅም።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። እናትዋ የቨርኒስን ወንበር ከሚስ ሎሪን አጠገብ አመጣችላቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እጅ ለእጅ አልተያያዙም፤ አልተቃቀፉም። ቨርኒስ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት አዩ። የራዲዮው ሰውዬ መርፌውን ሲያሳርፍ መጀመሪያ የመጣው የሸክላው መንኮሻኮሽ ነበር፤ ከዚያ ሳክስፎን፤ ከዚያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ።

አብርሆት ልትቀመጥ ስትዞር በአዳራሹ የመስታወት በር ውጭ ሮዳስን አየቻት። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ፣ ባቡር ቀይራ ነው የመጣችው፤ ለአባቷ ምን ብላ እንደወጣች እግዜር ይወቅ። በሩን አልከፈተችውም። ጃኬቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ አረንጓዴው ኮፍያ ታያለች። ከአብርሆት ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

አብርሆት ከረቡዕ ጀምሮ ልትላት ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር። ጥቂቱ አሁንም እውነት ነው። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ እንኳ እንደማይሞላ ታውቃለች፤ አንዱ ደቂቃ ሄዷል። በግድግዳው ጥግ ተራምዳ ሄደችና በሩን ከፈተችው።

«ግቢ» አለች በሹክሹክታ። «ወንበር ይዤልሻለሁ።»

«አልተቆጣሽም?»

«ተቆጥቻለሁ። ግቢ።»

ወንበር አልያዘችላትም ነበር። ሮዳስን ከእናትዋ ከእታለማሁ አጠገብ በራሷ ቦታ አስቀምጣ፣ እሷ ከግድግዳው ጋር ቆመች።